ስለምታፈላው ፒክአፓችን፣ ከሒሳብ ክፍል

(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የቀረበ)

የሒሳብ ሪፖርቱን ከማንበቤ በፊት አንድ መስመር ላይ ላቆማችሁ ነው። «የተሽከርካሪ ጥገና» የሚለው ወጪ ከበጀቱ አልፏል። በየቡናው ምን እንደተባለ ሰምቻለሁ፤ ሹፌሩና ሒሳብ ያዧ ተስማምተው በሉት ተብሏል። ስለዚህ ደረሰኞቹን ይዤ መጥቻለሁ።

ፒክአፓችን ራዲያተሯ ያፈስ ነበር፤ ጋራዥ ገብታ ተበየደ፣ ታጠበ። በሳምንቱ አበርገሌ ቆላ ዘር አድርሳ ወደ ሰቆጣ ስትመለስ ዳገቱ ላይ አፈላች። መልሰን ወሰድናት፤ «ለቆላ አያስፈልግም» ብለው ቴርሞስታቱን አወጡት። አፈላች። የውሃ ፓምፕ ተቀየረ። አሁንም አፈላች። አራተኛው ፕሮፎርማ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ነበር፤ ዋጋው ከቀደሙት ከሦስቱ ድምር ይበልጣል።

እኔ ግን ጥፋተኛውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «ውሃ ሳያዩ እየነዱ ነው ያቃጠሏት» ብዬ ከሹፌራችን ደመወዝ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ጻፍኩ። የአንድ ወርም ተቆረጠ። ጋሼ ደብዳቤውን ሲቀበሉ ያሉኝ «እሺ ልጄ፤ የጉዞ መዝገቡን ግን አንብቢው» ብቻ ነው።

አነበብኩት። በየጠዋቱ የጨመሩትን ውሃ በሊትር ጽፈውታል። ከጎኑ ደግሞ «ፕላስቲኩ ሙሉ ነው» ይላል። ለካ ራዲያተሩ ጎድሎ ሲያድር ትርፍ ውሃ የሚቀበለው ፕላስቲክ ሞልቶ ያድራል። ውሃው ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ተስቦ አይመለስም ማለት ነው። ያንን የሚቆጣጠረው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ሦስቱን ደረሰኞች ደርድሬ ፈለግሁ፤ ክዳን የሚል የለም። ሄጄ ሳየው ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል።

ይህ ክዳን በእኛ አገር ለምን እንደሚከብድ ወጥ የምትሠሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ባቄላ እዚህ ከቆላ ይልቅ ቆይቶ ይበስላል፤ ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ባለችው ሰቆጣ በ92 ወይም በ93 ይፈላል። ደህና ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ክዳኑ እንደ ፕሬሸር ድስት ክዳን አፍኖ ሲይዝ ግን መፍላቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ክዳኑ ካልያዘ ሞተሩ ምንም ሳይታመም ያፈላል።

ጋርኒሲዮኑን ከመክፈታችን በፊት በነጻ የሚታየው ይታይልኝ አልኩ። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ነጥቷል? አልነጣም። ጭሱ ነጭ ሆኖ ይቆያል? አይቆይም። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል? ትንሽ ወጣና ቆመ። መካኒኩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በትዕግሥት አሳየኝ።

አዲስ ክዳን፣ 0.9 የሚል የተጻፈበት፣ ገዛን። ቴርሞስታቱም ተመለሰ፤ በአንዳንድ ሞተር እሱ ሲወጣ የሞቀው ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከዚያ አየር ማስወጣት ነበር፤ ከጥገና በኋላ ውስጥ የቀረ አየር ውሃውን መንገድ ይዘጋበታል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቆሟት፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፈቱ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ አስነሷት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ድንገት ጎደለ፤ ሞሉት፤ አረፋው እስኪያቆም ጠበቁ። (የጋለ ራዲያተር ግን ማንም እንዳይከፍት፤ ፊት ይልጣል።) የምንጭ ውሃም ቀረ፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተሩንም ይደፍነዋል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ነው የተሞላው።

ክዳኑና አየሩ በአንድ ቀን ስለተስተካከሉ የትኛው የበለጠ እንደበደለን መለየት አልችልም። ከዚያ ወዲህ ግን አበርገሌ አራት ጊዜ ወርዳ ወጥታለች፤ መዝገቡ ላይ የተጨመረ ውሃ የለም።

የውሃ ፓምፑ ወጪ ሳያስፈልግ የወጣ ነው፤ ማዘዣው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የጋሼ የተቆረጠ ደመወዝ ተመልሷል፤ በሪፖርቱ «የተመለሰ» በሚለው ስር ታገኙታላችሁ። እሳቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለብቻቸው ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደብዳቤውን ግን ያወቀው ሁሉም ሰው ስለሆነ እዚህም በፊታችሁ እጠይቃቸዋለሁ።

አሁን ገጽ 2ን ግለጡልኝ።