ቢላል የሚለው ስም

ደብተራችሁን ዘርጉ፤ እርሳሳችሁንም አዘጋጁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የወንድ ልጅ ስም ነው። ስሙ ቢላል ነው።

በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባም ቢሆን «ቢላል!» ብላችሁ ብትጣሩ አንድ ልጅ አቤት ማለቱ አይቀርም። ስሙ የዐረብኛ ነው። ትርጉሙም እርጥበት ማለት ነው፤ የደረቀ ጉሮሮን የሚያርስ ውሃ ወይም ወተት። በረሃ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስም አለ? ዝናብ የጠፋበት ገበሬም ቢሆን ነገሩ ይገባዋል።

ወላጆች ግን ይህን ስም የሚያወጡት ለትርጉሙ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው አስበው ነው። ያ ሰው ቢላል ኢብን ረባሕ ነው። «ኢብን» ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው። አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ይባላሉ። ቢላል የኖረው በመካ ከተማ ነው። በትውልዱ ግን ሐበሻ እንደ ነበረ የጥንት የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ስለዚህ ቢላል አል ሐበሺ ይሉታል።

እዚህ ላይ እንዳይምታታባችሁ። በ615 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ከመካ ወደ ሐበሻ ንጉሥ የተሰደዱ ሙስሊሞች ነበሩ። ቢላል ከእነርሱ ጋር አልመጣም። እርሱ እዚያው መካ ቀርቷል።

ቢላል ባሪያ ነበር። ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ የሚባል የመካ ባለጸጋ ነው። ቢላል እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ሆነ። ጌታው ይህን ሲያውቅ በቀትር ፀሐይ፣ በጋለ አሸዋ ላይ አንጋለለው። ደረቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ አስጫነበት። ሃይማኖትህን ተው አለው። ቢላል ግን «አሐድ፣ አሐድ» ይል ነበር። አንድ፣ አንድ ማለት ነው፤ አምላክ አንድ ነው ማለቱ ነው። በኋላ አቡበክር ገዝቶ ነጻ አወጣው።

ሙስሊሞች በ622 ዓ.ም. ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ሰውን ለሶላት የሚጠራ አስፈለገ። ነቢዩ ሙሐመድ የመረጡት ቢላልን ነው። ድምፁ ያማረ ነበርና። የመጀመሪያው አዛን አሰሚ እርሱ ሆነ። በ630 ዓ.ም. መካ በሙስሊሞች እጅ ስትገባ ቢላል በካዕባ ጣራ ላይ ወጥቶ አዛን አሰማ። እንደ ዕቃ በተሸጠባት ከተማ! አንዳንድ የመካ ትልልቅ ሰዎች ይህን አይተው ተናደዱ ይባላል።

በእኛ አገር ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም.፣ በራሳችን አቆጣጠር ነው። ሕጉ ከወጣ ስንት ዘመኑ። ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልወጣም። «ልጄን ለእነ እገሌ ዘር አልድርም» የሚል አለ እኮ። ያው ሰው ለልጁ ቢላል ብሎ ስም ያወጣል! እንዴት ነው ነገሩ? በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሙስሊሞች በ1975 ዓ.ም. ጋዜጣቸውን በቢላል ስም ሰይመውት ነበር። እነርሱ ነገሩ ገብቷቸዋል።

ሕፃን ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን ይባልለታል። በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይደረጋል፤ ፀጉሩ ይላጫል፣ በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፣ ስም ይወጣለታል። ስሙ ሰይድም ይሁን እንድሪስ ልጁ መጀመሪያ የሰማው ቢላል ያሰማውን ጥሪ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። በማታ ትምህርት የማስተምራቸው አንዲት እናት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። «መምህር፣ እስቲ ይዩልኝ፤ የልጄ ስም እዚህና እዚያ አንድ ነው?» አሉኝ። በክትባት ካርዱ ላይ «ብላል» ይላል፤ በትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ «ቢላል»። አንድ አልነበረም። ጸሐፊው የጻፈውን ያን ጊዜ ማንበብ ስላልቻሉ ዝም ብለው ተቀብለው ሄደዋል። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ሚኒስትሪ ሊፈተን ሲል ነው ጣጣው የመጣው። ለአንዲት ፊደል ሲሉ ስንት ቀን ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ! ሥራ ፈተው፣ የመኪና ከፍለው።

እንግዲህ እርሳስ አንሡ። «ቢ»፣ ከበ ቤት ሦስተኛዋ ናት፤ ከእግሯ በስተ ቀኝ ቅጥያ አላት። «ላ»፣ ከለ ቤት አራተኛዋ። «ል»፣ ከዚያው ከለ ቤት ስድስተኛዋ። ቢ፣ ላ፣ ል። አምስት ጊዜ ጻፉት። ከዚያ በታች የራሳችሁን ልጅ ስም ጻፉና ቤት ካለው ወረቀት ጋር አስተያዩት።

በሚቀጥለው ጊዜ ዘይነብ የሚለውን ስም እናነሣለን። ደህና ሁኑ።