በተራራ አገር መኪና ስለ መምረጥና ስለ መንዳት
በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የተሰበሰብንበት ይህ ማዕከል የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ 705 ሄክታር ስፋት ያለው ሥፍራ ነው። ስለ ጥድ፣ ስለ ወይራና ስለ ኮሶ ብዙ ይነገርበታል። እኔ ግን የምነግራችሁ ችግኙን ከተከላው ቦታ ስለሚያደርሰው መኪና ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝና ማዳበሪያ በጭቃ መንገድ ይጓዛል፤ ከጭነቱም ላይ ሰው ይሳፈራል። ችግኝ ቢበላሽ ለከርሞ ሌላ ይፈላል፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም።

መኪና ሲመረጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ዳገት ይወጣል ወይ?» ብሎ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን «ቁልቁለት እንዴት ይወርዳል?» ተብሎ ነው። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳው ግን የሚያቆመው የለም።

ስለ አመራረጡ

ላንድ ሮቨር በ1940 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948) በእንግሊዝ አገር ሲወጣ በተለይ ለገበሬ ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጃፓኑ ላንድ ክሩዘር በአገራችን ገጠር ተለመደ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ማኅበራችሁ ሊገዛ ወይም ሊከራይ የሚያገኘው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ የሚከተለውን መርምሩ።

አንደኛ፤ አራቱም ጎማ የሚስብና ከባድ ማርሽ ያለው መሆኑን፣ ማርሹም በእርግጥ የሚገባ መሆኑን በመንዳት አረጋግጡ። የማይገባ ከባድ ማርሽ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፤ መኪናውን ዳገት ላይ አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ሳይጠገን አትቀበሉት። የፍሬን ዘይቱንም ተመልከቱ።

ሦስተኛ፤ ከሥር ገብታችሁ ሻንሲው እንዳልተሰነጠቀ፣ ባሌስትራው እንዳልተሰበረ እዩ።

አራተኛ፤ የጎማው ጥርስ ያላለቀ ይሁን፤ ትርፍ ጎማና ክሪክም አይጉደሉ።

አምስተኛ፤ መለዋወጫውና የሚጠግነው ሰው በቅርባችሁ ከተማ መኖሩን ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ጥሩ መኪና ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ይከርማል።

ስለ ዳገት

በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ 75 ያህል ቢሰጥ ነው። ውሃም በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ እዚህ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያቶሩ ክዳን ጥብቅ ይሁን፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን ከቶ አትክፈቱት።

ከባዱን ማርሽ ዳገቱ ሳይጀምር አስገቡ፤ መካከል ላይ ለመቀየር መታገል መኪናውን ያቆመዋል። ሞተሩ ዳገት ላይ ቢጠፋ ፍሬኑን ይዛችሁ፣ የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ፣ በመጣችሁበት ቀጥ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ተመለሱ። ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ለመዞር መሞከር መገልበጥን ያመጣል።

ስለ ቁልቁለት

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ ቁልቁለት የሚለቅ ነጂ አለ። ይህ የጥቂት ብር ነዳጅ በሰው ሕይወት መግዛት ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ እዚህ ተራራ ላይ ለማፍላት ይበቃል። ማርሽ ከወጣ ይህ ሙቀት ከሞላ ጎደል ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ማርሽ ከገባ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይገታል።

ሕጉ አጭር ነው፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ፤ እግራችሁን ከፍሪሲዮን ላይ አንሡ፤ ፍሬኑን እየረገጣችሁ ልቀቁት እንጂ ሳታቋርጡ ተጭናችሁ አትያዙት። የተቃጠለ ነገር ቢሸታችሁ ወይም የፍሬኑ መርገጫ ቢለሰልስባችሁ ወዲያው ቁሙ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አታፍስሱ።

ስለ ጭነት

ውሃ የጠጣ ችግኝ ከነአፈሩ በሚዛን ላይ አስቀምጡ። አንዱ አንድ ኪሎ ቢመዝን 1,000 ችግኝ 10 ኩንታል ነው፤ ለብዙ ፒክ አፕ ይህ ሙሉ ጭነት ነው። ከዚህ ላይ ስምንት ሰው ቢሳፈር ሌላ አምስት ኩንታል ያህል ይጨመራል፤ ክብደቱም ወደ ላይ ስለሚወጣ መኪናው በጠማማ መንገድ በቀላሉ ይገለበጣል። ተከላ የሚሄደው ሕዝብ ለብቻው ይጓጓዝ ወይም በእግሩ ይሂድ። የልማት ሠራተኛ ሆይ፤ «ቅርብ ነው፣ ምንም የለም» ሲሉህ እሺ አትበል። ሽማግሌ ቢለምንህም በአክብሮት «አባቴ፣ በሚቀጥለው ጉዞ በወንበር እወስድዎታለሁ» በለው።

መንገዱ ሲያልቅ

መኪናው ስለቻለ ብቻ በማሳና በጫካ ውስጥ አትንዱት። በእርጥብ ተዳፋት ላይ የሚቀር የጎማ ዱካ ጎርፍ ይከተለዋል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ይሆናል። ዛፍ ልንተክል ሄደን አፈሩን ማስጠረግ አይገባም። መረሬ አፈር ላይ ዝናብ ከጣለም እስኪጠፈጥፍ መጠበቅ ከጭቃ ውስጥ ከመጎተት ይሻላል። መኪናው ከቆመበት ወዲያ በቅሎና አህያ አሉልን፤ እነርሱን መጠቀም ነውር የለውም።

እንግዲህ ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ፣ የመጀመሪያው ችግኝ ከመጫኑ በፊት፣ ከነጂውና ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ሆናችሁ መኪናውን በቅርባችሁ ካለ ዳገት ላይ ባዶውን አውጡት፤ ፍሬኑንና ከባድ ማርሹን ፈትኑ፤ በዚያው ማርሽ አውርዱት። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ፈተናውን ያላለፈ መኪና ሰው ቀርቶ ችግኝም አይጫንበት።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።