በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ማዕበል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከተደረገ ንግግር)



 እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ በምትገኘው በዊልሚንግተን ከተማ የተማርን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ስለ ትምህርታችን እንድንናገር ሳይጠበቅ አይቀርም፤ ነገር ግን ስለ ጨዋታ ልንነግራችሁ ነው። ጨዋታውም ሰርፊንግ የሚባለው፣ በጣውላ ላይ ቆሞ በባሕር ማዕበል መንሸራተት ነው።

ከከተማዪቱ አጠገብ ማሰንቦሮ የምትባል ጠባብ የአሸዋ ደሴት አለች። ርዝመቷ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንደር የለባትም፤ ድልድይም የላትም። በደቡብ ካለው ጠረፍ ጋር ተያይዛ ትኖር ነበርና፣ በ1952 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የጀልባ መተላለፊያ ሲቆፈር ተለይታ ደሴት ሆነች። በ1991 ለተፈጥሮ ጥናት ተከልላለች፤ የባሕር ኤሊዎችም ወጥተው እንቁላላቸውን በአሸዋዋ ይቀብራሉ።

በሰሜን ጫፏ ያለው የባሕር መተላለፊያ በአሸዋ እንዳይደፈን፣ ከግራና ከቀኝ ወደ ባሕር የገቡ ሁለት የድንጋይ ግንቦች ተሠርተዋል። የሰሜኑ በ1966 አለቀ፤ የደቡቡ በ1980። በጠረፍ እየተንከባለለ የሚሄደው አሸዋ እንዲህ ያለውን ግንብ ሲደርስ ይቆምና ይከመራል። ከሩቅ የመጣ ማዕበል ደግሞ ጥልቀቱ ከራሱ ቁመት ብዙም ወደማይበልጥበት ስፍራ ሲደርስ እግሩ ይያዛል፤ ራሱ ግን ይሮጣልና ወደ ፊት ይደፋል። ጣውላ ይዘው የሚጠብቁት ይህችን ቅጽበት ነው። ግንቡን የሠሩት መሐንዲሶች ለጨዋታ አስበው አልነበረም።

ማዕበሉስ ከየት ይመጣል? ይህ እጅግ ያስደነቀን ነገር ነው። በአትላንቲክ ከሚነሡት ታላላቅ ዐውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር መናወጥ ይወለዳሉ። በነሐሴ 2000 አልቤርቶ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት የነበረውን የደመና ክምችት ሊቃውንት ወደ ኋላ ቢከተሉት፣ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ በክረምት ከዚህ ክፍል መስኮት የምናየው ደመና ማለት ነው!

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ጀልባ ስላልነበረን፣ በጣውላችን ላይ በደረታችን ተኝተን በእጃችን እየቀዘፍን ልንሻገር ተነሣን። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ባሕሩ ግን በየ6 ሰዓቱ ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በሚጎድልበትም ጊዜ ከደሴቲቱ ኋላ የተጠራቀመው ውሃ በዚያ ጠባብ በር ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። ይህን በመጽሐፍ አንብበን ነበር፤ ሰዓቱን ግን አላየንም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት እናቶቻችን ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። ከእኛ አንዱ በሁለቱ ግንቦች መካከል ወደ ውጭ ተወሰደ። ወደ እኛ ሊመለስ ታገለ፤ ክንዱም ዛለ። ከመጮህ በቀር የምንረዳበት ኃይል አልነበረንም። በመጨረሻ መታገሉን ትቶ ጣውላውን አቅፎ ተኛ፤ አለመልቀቁም አዳነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ በሞተር ጀልባ ደርሰው አወጡት። አልተቆጡንም፤ የሙላትና የጉድለት ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡንና ሄዱ።

ጓደኛችን ይህን ነገር ከእናቱ ደብቆ ኖሯል። ትናንት ማታ ነገራቸው። እሳቸውም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «በክረምት ወንዝ የሚገቡት ልጆች ይስሙት፤ ነገ ንገሯቸው» አሉን። አሁን በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ በሦስታችንም ስም ይቅርታ እንለምናቸዋለን።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳናይ ተሻግረን አናውቅም። ውሃው ሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ በጀልባ እንሻገራለን። በጣውላው ላይ ለመቆም ደግሞ አንድ በጋ ሙሉ ወድቀናል። ጣውላውን ይዘን መጥተናል፤ በመንገድ ላይ የቤት መዝጊያ ነው ወይ ተብለን ተጠይቀናል። ሊያዩት የሚወዱ ሁሉ ከሻይ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ያገኙታል።