ጦስኝ ለቆዳችን፦ የምናውቀውና የምንሸጠው

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



እኔ ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ጣሳና ጠርሙስ አጥቤ የምሸጥ ነኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ከቡድናችን ጋር የጦስኝ ቅባት አዘጋጃለሁ።

ጦስኝ የደጋ በረከታችን ነው፤ በመንዝና በባሌ ተራሮች ይበቅላል። በሻይና በሽሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንን ሽታ የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቲሞል አፍ መጉመጥመጫ ውስጥም ይገባል። የጦስኝ ዘይት በላቦራቶሪ ሲፈተሽ ባክቴሪያና ፈንገስ ሲገድል ታይቷል። ስለዚህ ለብጉር ተስፋ ቢጣልበት አይገርምም። ነገር ግን የላቦራቶሪ ሳህን የሰው ፊት አይደለም። «ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል» ብለን ከሸጥን ዋሸን ማለት ነው።

እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት «ቅጠል ምን ያደርጋል?» ብዬ የተጣራውን ዘይት ሳላቀጥን ክንዴን ተቀባሁ። ሲያቃጥለኝ አደረ፤ ቆዳዬ ቀልቶ ተላጠ። ደንበኛ ፊት ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ብዙ ቅጠል ተጣርቶ ጥቂት ጠብታ ይወጣዋል፤ ኃይሉም የዚያኑ ያህል ነው።

ከዚያ ወዲህ በቡድናችን እንዲህ እንሠራለን። ለአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ከተጣራው ጦስኝ አንድ ጠብታ ብቻ። ቅጠሉን በዘይት የምትዘፈዝፍ በደንብ ታድርቀው፤ እርጥበት ካለው ይሻግታል። መጀመሪያ ክርን ውስጥ ጥቂት ቀብቶ እስከ ማግስቱ መጠበቅ። ዓይን አካባቢና ሕፃናት ላይ አለመቀባት። ጤና አዳም ፈጽሞ አንቀላቅልም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ቁስል ያለባትን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን።

አሁን በራሴ ገበያ ላይ ልመስክር። እኔ የምሸጠውን ጠርሙስ ለቅባት አትግዙኝ! ቀለም ይሁን የተባይ መድኃኒት፣ ምን እንደነበረበት አላውቅም፤ ፕላስቲክ ደግሞ የያዘውን ይመጥጣል፣ በሳሙና አይለቅም። አዲስ ዕቃ ዋጋችንን እንደሚያስወድድ አውቃለሁ። ትናንት አንዳንዶቻችሁ በዚህ እንደተቆጣችሁም ሰምቻለሁ። ደጋፊዎቻችን፣ በዚህ በኩል ብታግዙን ትልቅ ነገር ነው። እገዛው እስኪመጣ ግን ጥቂት እንሽጥ፤ አንዲት ፊቷ የተቃጠለ ደንበኛ የሁላችንንም እንጀራ ትዘጋለች።

ደንበኛ «ምን አለሽ?» ሲለን ያለንን ብቻ እንንገረው።