አሮጌ ካታማራን ልንገዛ ሄደን
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ ጋር የተያያዘ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ስለ ድልድይ የማወራ መስሏቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ድልድይ ስመረምር ስለኖርኩ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ላወራችሁ የመጣሁት ልንገዛው ስለነበረ አንድ አሮጌ ጀልባ ነው። «ልንገዛው» ያልኩት ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። ሸሪኬ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬም እዚሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። አሁን አንገቱን የደፋው እሱ ነው።

ሁለታችንም የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ባሕር ማለት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የጀልባ ከተማ ማለት ደግሞ አናፖሊስ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ውሃ ሳይ ልቤ ይሄዳል። ጓደኛዬ ግን እስከ ስልሳ ዓመቱ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ባለቤቱን ከቀበረ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ልጆቹን ክረምት ክረምት የሚሰበስብበት አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል።

ካታማራን ማለት ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ሰፊ ወለል የተያያዙበት የሸራ ጀልባ ነው። ሁለቱን «ቀፎ» እያልኩ ልቀጥል። ሰፊ ስለሆነ በነፋስ ጊዜ እንደ ባለ አንድ ቀፎው ወደ ጎን አያጋድልም፤ ቡና አፍልቶ ሲኒው ሳይደፋ መጠጣት ይቻላል። ጓደኛዬን የማረከውም ይኸው ነው።

ያየነው በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ፣ 11 ሜትር ርዝመት ያለው ነበር። የተጠየቀው 78 ሺህ ዶላር። ግማሹ ከእኔ፣ ግማሹ ከእሱ የጡረታ ገንዘብ። ደላላው ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ደላላ መቼም የትም አገር ደላላ ነው። መቀመጫው አዲስ ጨርቅ ለብሷል፣ ወለሉ ተወልውሎ ያበራል፣ ምድጃው ላይ ቡና ተጥዷል። ጓደኛዬ መሪው ጋ ተቀምጦ ፎቶ ተነሣና እዚያው ለልጆቹ ላከ። ይኸውላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ እሱ ገዢ መሆኑ ቀርቶ ባለቤት ሆነ።

ውል ተፈራረምን። ቀብዱ አሥር በመቶ፣ 7,800 ዶላር። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ይመረመራል፣ በሸራ ተነድቶ ይፈተሻል፤ እስከ ቀነ ገደቡ «አልፈለግንም» ብለን በጽሑፍ ካላሳወቅን ተቀብለናል ማለት ነው። ደላላው የሦስት መርማሪዎች ስልክ ሰጠን። እኔ አራተኛ ፈለግሁ። እነዚያ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ግን ነገ ሌላ ሥራ የሚያመጣላቸው ደላላው ነው። የእኛን ሰው ያገኘሁት ጀልባ የሚጠግኑ ሠራተኞችን «ለራሳችሁ ብትገዙ ማንን ትጠራላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነው።

ሽማግሌ ነበሩ። አዲሱን ጨርቅ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከቦርሳቸው የፕላስቲክ ጫፍ ያላት ትንሽ መዶሻ አወጡና ወለሉን በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ማንኳኳት ጀመሩ። አንድ ሰዓት ተኩል! ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምሰሶው ሥር እና የብረት ማያያዣዎቹ ዙሪያ ሲደርሱ ድምፁ «ዱፍ ዱፍ» ሆነ፤ ካርቶን የመምታት ያህል።

መሐንዲስ ላልሆናችሁ ላስረዳ። የእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ወለል እንደ ሳንድዊች ነው፤ ላይና ታች ስስ ፋይበር ግላስ፣ መሐሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት። አሠራሩ የአይ ቢም ነው። ሁለቱ ስሶች መሳብንና መጨመቅን ይችላሉ፣ መሐለኛው አራርቆ ይይዛቸዋል፣ እንዳይንሸራተቱም ያደርጋል። አንድ ብሎን ሲገባ ዙሪያው በደንብ ካልተደፈነ ውሃ በዚያ ይሰርግና ባልሳው ይበሰብሳል፤ ከስሱም ይላቀቃል። ላዩ ግን እንደ መስተዋት ያበራል። ጣና ዳር ያደግን ልጆች ይህ አይጠፋንም። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ዳር አውጥቶ አቁሞ ያደርቀዋል። ባልሳ ግን ፋይበር ግላስ ውስጥ ተቀብሮ ማን ያደርቀዋል? እኛ ይህን ቀመር በሁለተኛ ዓመት ተምረን ፈተና አልፈናል፤ የበሰበሰ መሐል ግን በእጃችን ነክተን አናውቅም ነበር። አሁን የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ የተሰበረ ነገር ወደ ላብራቶሪ አስገቡላቸው።

እርጥበት መለኪያ መሣሪያም ነበራቸው፤ ግን ብዙም አላመኑትም። የቀፎው ሥር ቀለም መዳብ ካለበት ንባቡን ያሳስታል አሉኝ። ምሰሶውን የሚወጥሩት የስቴንለስ ስቲል ገመዶች መቼ እንደተቀየሩ ወረቀት ጠየቁ፤ የለም። ስቴንለስ የማይዝገው ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በኦክስጅን ስለሚታደስ ነው። አየር በማይደርስበት እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ከተቀበረ ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ ያለው ግን ያብለጨልጫል። ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። ጀልባው በክሬን ሲወጣ ደግሞ ከአሁኑ የውሃ መስመር ስምንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የድሮው መስመር ደብዝዞ ታየ። በሃያ ምናምን ዓመት የተከመረ ዕቃ ጀልባውን አስጥሞታል፣ አንዱ ባለቤት ደግሞ መስመሩን ወደ ላይ ቀብቶታል። ካታማራን ቀፎው ቀጭን ስለሆነ ጭነት አይወድም።

እስከዚህ ድረስ ጓደኛዬ «ዋጋ ይቀንሱልናል» እያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውሃው ወጣን። ነፋሱ ጥሩ ነበር፣ ሸራው ተወጠረ፣ ጀልባው ይበራል። ጓደኛዬ በቀኙ ቀፎ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ማንኳኳት ተሰማ። በሩ እምቢ ብሏል! ማሪናው ላይ ቆመን ሳለ ሦስቴ ከፍተን ዘግተነዋል፤ በጣት የሚገፋ በር ነው። አሁን ደላላው ይጎትታል፣ ጓደኛዬ ከውስጥ ይገፋል፣ ንቅንቅ የለም። ደላላው ሸራውን ሊያወርድ ሲል ሽማግሌው «አይ፣ ትንሽ ይቆይ» አሉ። በባትሪ ተንበርክከው ከበሩ አጠገብ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈቱ። የጀልባው ውስጥ ቀለም ሁሉ የቆየ ነው፤ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ አዲስ ነበር። ጠሩኝና አየሁ። ሁለቱን ቀፎዎች የሚያገናኘው ዋናው ግድግዳ ከቀፎው ጋር በተጣበቀበት መስመር ላይ ቀለሙ ተሰንጥቋል፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ስንጥቁ ጥፍር ታህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይተነፍሳል ልበላችሁ።

ጭነቱን አስቡት። የብረት ገመዱ አንዱን ቀፎ ወደ ላይ ይስባል፣ ምሰሶው መሐሉን ወደ ታች ይጫናል፤ እንጨት በጉልበት እንደሚሰበር ማለት ነው። ያን የሚችለው ያ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው ሲላቀቅ ጀልባው ተጣመመ፣ የበሩ ፍሬም አብሮ ተጣመመ፣ ጓደኛዬም ሽንት ቤት ታሠረ። ሸራው ሲወርድ በሩ በራሱ ተከፈተ።

የጥገናው ግምት ከ35 እስከ 50 ሺህ ዶላር መጣ፤ ያውም ተከፍቶ ሲታይ ሊጨምር ይችላል ተብሎ። ባለቤቱ 12 ሺህ ልቀንስ አለ። ጓደኛዬ እንቀበል አለ። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ተጨቃጨቅን። «አንተ» አለኝ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ስንጥቅ ስትፈልግ ኖርክ። አንድ ቀን እንኳ ድልድዩን ተሻግረህ አታውቅም።» የመለስኩለትን እዚህ አልደግመውም። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነበር፤ ሐሙስ ማታ «አልፈለግንም» የሚለውን ደብዳቤ ለብቻዬ ፈርሜ ላክሁ። ቀብዱ በሳምንቱ ተመለሰ። እኛ ግን ሰባት ወር አልተነጋገርንም። ልጆቹ ያንን ፎቶ ይዘው «ጀልባው የት አለ?» እያሉ ሲጠይቁት እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አንዲት ጀልባ አይቻለሁ፤ መዶሻህን ይዘህ ና።» ከሽማግሌው መዶሻ ጋር የምትመሳሰል ገዝቼ እንደነበር ማን እንደነገረው እንጃ። ባለ አንድ ቀፎ፣ ስምንት ሜትር፣ 9 ሺህ ዶላር። ይህን ጊዜ ያንኳኳው እሱ ነው፤ እኔ ዳር ቆሜ አዳመጥኩ። ከፊት በኩል «ዱፍ» ያለ የክንድ ስፋት ቦታ አገኘ፤ ደስ አለው፣ የት እንዳለ አውቋላ! ክረምቱን ሁለታችን ወለሉን ቆርጠን ከፍተን ጥቁር ጭቃ የሆነውን ባልሳ በማንኪያ ስንጠርግ ከረምን። ቡና ስንጠጣ ሲኒው ይደፋል፤ ልጆቹ ለምደውታል።

መዶሻዬ ግን እስከ ዛሬ እሱ ጋ ነው። በዚህ አጋጣሚ በመምህራኖቻችን ፊት እንዲመልስልኝ እጠይቃለሁ።