ብርሃን ለሚከብዳቸው ዓይኖች
(በቆቦ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከዋጃ እስከ ጎብዬ በሚዘረጋው ቆላችን ነጠላውን ግንባሩ ላይ ስቦ፣ ዓይኑን አጥብቦ የሚሄድ ሰው እንግዳ አይደለም። «ልጃችን ብርሃን አይችልም፤ በአዲስ አበባ የሚሸጠው ኮንታክት ሌንስ ይበጀው ይሆን? ሰበካውስ ገንዘብ ያዋጣለት?» የሚል ጥያቄም ከአጥቢያዎች ይቀርባል።

መልሱን ከሌንሱ አልጀምርም። ብርሃን መሸሽ የሌላ ሕመም ምልክት ነውና አስቀድሞ ምክንያቱ ይመርመር። በእኛ አገር በቅድሚያ የሚታሰበው ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ሕመሙ ሲደጋገም የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይጠብሳል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። እናቶቻችን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ፀጉሩ ግን አጭርና ሸካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል። በእንዲህ ያለ ዓይን ላይ ለብርሃን ተብሎ ሌንስ ማኖር በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። የሚያስፈልገው ቆቡን የሚያቀና ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አውድማ ላይ ገለባ ወይም የማሽላ ቅጠል ዓይኑን የወጋው ሰው፣ ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ከጠላ፣ ነገ ሳይል ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ቀለም ያለው ሌንስ በእርግጥ የሚጠቅማቸው አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን በብሌናቸው ዙሪያ ያለው ቀለም ስስ በመሆኑ ብርሃን በዚያ ሁሉ ያልፍባቸዋል። ለእነርሱ መካከሉ ክፍት፣ ዙሪያው ብርሃን የማያሳልፍ ሌንስ ይሠራል። ሆኖም ሌንስ በየዕለቱ የታጠበ እጅና የራሱን ማጠቢያ ፈሳሽ ይሻል፤ አቧራና የውኃ እጥረት ባለበት ቀበሌ ይህን መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ሰፊ ባርኔጣና አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል መነጽር ይሻላል። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ከገበያ የሚገዛ መነጽር አይበቃም፤ ጨረሩን ካልከለከለ በጨለማው ለሰፋው ብሌን የባሰ መግቢያ ይከፍታል። መነጽሩን ቤት ውስጥም ሳያወልቁ መዋልም ዓይኑ ብርሃንን ይበልጥ እንዲሸሽ ያደርገዋል።

ጸበል ለምታጠምቁ አባቶች ለብቻ የምነግራችሁ አለኝ። ሌንስ ያደረገ ሰው ከመጠመቁ በፊት ያውልቀው። ይህ በጸበሉ ላይ የቀረበ ጥርጥር አይደለም፤ በምንጭ፣ በወንዝና በቧንቧ ውኃ የሚኖር በዓይን የማይታይ ተሕዋስ በሌንሱ ሥር ከገባ ብሌኑን ሊያቆስል ስለሚችል ነው። ፊት ሲታጠቡም እንዲሁ ነው። በምራቅ ማርጠብማ ፈጽሞ አይሁን!

በቅዳሴ መነጽር ያደረገ ወጣት ስታዩም ለመታየት ፈልጎ ነው ብላችሁ አትገሥጹት፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ጥላ ያለበትን ስፍራ ስጡት። ለሌንስ የተዋጣ ገንዘብ ካላችሁ፣ ለጊዜው ልጁንና አንድ አስታማሚ ወደ ዓይን ሐኪም ለማድረስ ይዋል፤ ከምርመራው በኋላ የታዘዘውን አይታችሁ ትወስናላችሁ።