ጎመኑና ክኒኑ

እሷ፦ እናቴ ጎመን ስትከትፍ «ልብ ይጠብቃል» ትላለች። አሁን ደግሞ የቫይታሚን ኢ ክኒን አምጡልኝ ብላለች።

እሱ፦ ጎመኑ ላይ ይበርቱ! እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ሆፕ» ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ 9,500 ያህል ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ክኒኑ ምንም አልፈየደም።

እሷ፦ ፀረ-ኦክሲዳንት አይደል እንዴ? ኮሌስትሮሉ ተበላሽቶ ደም ሥር እንዳይደፍን...

እሱ፦ የታሰበውማ እንደዚያ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ እንዲያውም ሌላውን ፀረ-ኦክሲዳንት፣ ቤታ ካሮቲንን፣ የዋጡ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በዛ።

እሷ፦ ጎመኑስ ታዲያ?

እሱ፦ ፖታሲየም አለው፣ ፋይበር አለው፣ የቅቤና የሥጋንም ቦታ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ አንዷን ነገር ነጥለሽ ብልቃጥ ውስጥ ብትከቺያት ጎመን አትሆንም።

እሷ፦ የእማዬ ጎመን ግን ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው።

እሱ፦ እሱን አንቺው ንገሪያቸው፤ እኔ የለሁበትም!